ሰርቦ ያለቀሰልኝ ቀን

ይድረስ ለእናቴ፣ ሰርቦ

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ ሸቤ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አዲሷ ልጃችንም ጡት ላይ በርትታለች። ይህን በስልክ ያላልኩሽ ሳመሰግንሽ ስለምታቋርጪኝ ነው።

አሰንዳቦ ላይ የምነዳው አይሱዙ ከነቡናው ሲገለበጥ እኔ በመስኮት ወጣሁ፤ ስልኬ ግን ተጨፈለቀ። የሰርቦው ሱፊያን በዚያ ሲያልፍ መኪናዬን አይቶ «ሞቷል» ብሎ የሰርቦ አፎሻ፣ የዕድራችን የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፈ። አንቺም እዚያ ውስጥ እንዳለሽ አላሰበም። ወጋችንን ታውቂዋለሽ፤ መርዶ ላይ ዝም ያለ ይታማል። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቅ ሁሉም «አላህ ይርሐመው» ጻፈ፤ የእያንዳንዱ ማስረጃ ከእሱ በፊት የጻፈው ነበር። ጎረቤትሽ ሳቢሃ ደግሞ እያለቀሰች ድምፅ ላከች፤ እሷን የሰማ ሁሉ አለቀሰ። ጅማ ድረስ ሱቅ ተዘጋ አሉ። ይህን ያህል መወደዴን ባውቅ ቀደም ብዬ እሞት ነበር።

ሸቤ ግን አሚራን ልታርሺ ከመጣሽው ከአንቺ በቀር አንድም ሰው አልሰማም። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። የሰርቦው አፎሻም የሸቤ ሴቶችም ግሩፕ ውስጥ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ወሬው በሌላ በኩል መሻገሪያ አልነበረውም። አንቺ ብታስተላልፊው አሚራ ከጎረቤት ጩኸት ትሰማው ነበር፤ ሐኪሙ «የደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ እስክትወልጂ ድንጋጤ እንዳይነካሽ» ያላት ሚስቴ።

አንቺ ግን ስልክሽን አጠፋሽ፤ የእሷንም ቻርጅ ላድርግልሽ ብለሽ ወሰድሽ። ከዚያ ስለ ልጅነት ጥፋቴ እያወራሽ ስታስቂያት አመሸሽ። በሰው ስልክ ደጋግሜ ብደውል አልሠራ ሲለኝ፣ ሊያረዱ ከሰርቦ ከተነሱት ሽማግሌዎች ቀድሜ በማግስቱ ጠዋት ሸቤ ደረስኩ።

አሁን ሰርቦ ሁሉ «የእናት ልብ ያውቃል፣ መሞቱን አላመነችም» ይላል። እኔም በየደረስኩበት እንደዚያ እያልኩ ስኮራብሽ ከረምኩ። ትናንት አሚራ ልብስ ስታጣጥፍ አንዱን ሸሚዜን አንስታ፣ «ያን ቀን እማ ይህን ከቀሚሷ ስር ለብሳው ነበር። በረደኝ አለችኝ» አለችኝ።

ያን ቀን ሸቤ እንዴት ሞቆ እንደነበር አውቃለሁ። ለካ መሞቴን አምነሽ፣ ሸሚዜን ደረትሽ ላይ ደብቀሽ ነው ያሳቅሻት። በፊት የኮራሁብሽ ሳላውቅሽ ነበር፤ አሁን ግን አውቄሽ ኮራሁ።

ሸሚዙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ከእንግዲህ ሲበርድሽ ብቻ ልበሺው።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ የልጅ ልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።

ያለሁልሽ ልጅሽ