ማበጠሪያዋን ይዛ የምትመጣው ጎረቤት

ሰኞ፣ ሰኔ 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሻል? ሳቂታዋ ጎረቤታችን ጉልበቷ አልሻል ብሏት አልጋ ላይ ውላለች። ትልቁ ልጇ ሥራ ቀይሮ ራቅ ብሎ ሄደ፤ የምታስታምማት ትንሿ ናት። ሳቋ ግድግዳ አልፎ ይሰማኝ ነበር፤ አሁን ጭጭ ነው።

ስለ ፀጉር ቤቴ ጠይቀሽኛል። ያው ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ አንድ እኔ። ከሦስት ወር በፊት የማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ፣ «ከእንግዲህ ደንበኛን በዘሩ ወይ በሰፈሩ መመለስ ክልክል ነው፤ ትንሽ ሱቅ ትልቅ ሱቅ አይልም» አለኝ። ሳቂታዋ እዚሁ ወንበር ላይ ነበረች። «ወይ ጉድ! የገዛ ቤትሽ አይደል እንዴ? ማን ይግባ ማን ይውጣ ሊሉሽ ነው?» አለች። እኔም እውነቷን ነው ብዬ ነበር፤ የምሠራበት ክፍል የምተኛበት ነዋ።

በሳምንቱ ከወንዝ ማዶ ካሉት ሰዎች አንዷ መጣች። እዚህ ሰፈር እነሱን የሚያስጠጋ እንደሌለ ታውቂያለሽ። በሩ ላይ ቆማ፣ «ልጄን ልድር ነው፤ ይሠሩኛል ወይስ ሕጉን ልጥራ?» አለች። ትስቃለች፣ እጇ ግን የነጠላዋን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ያን እጅ ሳይ ሕጉም ጎረቤቴም ጠፉብኝ። «ነይ ተቀመጪ፤ ፀጉር መቼም ፀጉር ነው» አልኳት።

እሷን ከሠራሁ ወዲህ ደንበኞቼ የየራሳቸውን ማበጠሪያ በፌስታል ይዘው ይመጡ ጀመር። ሳቂታዋም ጭምር! የእኔን በፈላ ውኃ ስዘፈዝፍ እያየች የኖረች ሴት። ቀስ በቀስ ፌስታሉም ቀረ፣ ሰዎቹም ቀሩ። ሕጉ እኔን በርሽን ክፈቺ አለኝ እንጂ ደንበኞቼን ግቡ አይላቸው። ያቺን የወንዝ ማዶ ሴትዮ ግን ዛሬም ብትመጣ አልመልሳትም። ጠዋት ወንበሩን እወለውልና ከሬዲዮው ጋር አወራለሁ። አታስቢ፣ ዕረፍት ነው።

የረገጥሽው ይለምልም፣ ደግ ሰው ይግጠምሽ።

እናትሽ

ደብዳቤውን ላሽግ ስል የሳቂታዋ ትንሿ ልጅ መጣች። «እማዬ፣ ‹ፀጉሬ ተንጨባርሯል፣ ትምጣና ትሥራኝ› ትላለች።» ደስ ብሎኝ ማበጠሪያዬን አነሳሁ። «እሱን ይተዉት፣ እኛ ጋ አለ። ደግሞ… በጓሮ በኩል ትምጣ ብላለች» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «በፊት ለፊት ከሆነ አሁኑኑ እመጣለሁ በያት» አልኳት።

«እሺ፣ እነግራታለሁ» ብላ ሄደች። እስካሁን አልተመለሰችም።