ሰው የሌለበት ፎቶ

ጥር 6

ደላላው ደወለ። የሚከራይ ቤት አለ፣ ነይና አንሺልኝ አለ። ሄድኩ። አንድ ክፍል ናት። አልጋ ከገባ ሰው አይገባም፣ ሰው ከገባ አልጋ አይገባም። ፎቶው ላይ ግን ሰፊ አደረግኳት። ዘዴው ቀላል ነው... ጀርባን ከጥጉ አጣብቆ መቆም፣ ካሜራውን እስከ ወገብ ዝቅ ማድረግ፣ መጋረጃውን ገልጦ የረፋዱን ብርሃን ማስገባት። ወንበር ካለ ማውጣት። ባልዲ ካለ ማውጣት።

ደላላው አይቶ "አንቺ እኮ የዶሮ ቤቱን አዳራሽ ታደርጊዋለሽ!" አለ። ሳቅኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ሰው አንሺ ቢለኝ እሞታለሁ። ሰውን "ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ" ማለት አለ። ግድግዳ ዝም ይላል። እኔም ዝም። ተስማምተን እንሠራለን።

ካሜራውን የገዛልኝ ወንድም ጋሼ ነው፣ አምና፣ ያገለገለ። "ዓይን አፋር ሰው መደበቂያ ያስፈልገዋል" ብሎ። ለመጫወቻ ነበር። ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ ግን በእጄ ያለ ነገር ይሄው ብቻ ነው። ያደረግኩትን ጫማ በራሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት።

እማዬ የለችም። እህቷ እግሯን ተሰብራ ልታስታምማት ከሄደች ወር ሊሞላት ነው። ቤቱ ያለሷ ያስተጋባል።

ጥር 9

እማዬ ደወለች። "በልተሻል? ቤቱን ጠርገሻል?" ቤቱ፣ ቤቱ። አባዬ በእጁ የሠራው ስለሆነ ከኔ እኩል ታስብለታለች። ከሞተ በኋላማ ባሰባት።

ጥር 14

ዛሬ ወንድም ጋሼ ሥራ አልገባም። "አይጢት" አለኝ። ሲያቆላምጠኝ እንዲህ ነው፣ ድምፅ ስለሌለኝ።

"ቤታችንን አንሺልን እስቲ። አሳምረሽ። በትልቁ አሳትመን እማዬ ስትመጣ እናስደንቃት።"

ደስ አለኝ። አሳምረሽ አለኝ! እሱ ፎቶዬን ከቁም ነገር ሲቆጥረው የመጀመሪያው ነው።

አብረን አጸዳን። ሳሎን ውስጥ እርጥበት ያበላሸው ግድግዳ ላይ ቁም ሳጥኑን ገፍተን ሸፈንነው። ጀሪካኖቹን አወጣን። ከዚያ የአባዬን ፎቶ ከተሰቀለበት አወረደው።

"ለምን?"

"መስታወቱ ያንጸባርቃል።"

እውነቱን ነው፣ ያንጸባርቃል። እኔስ የሰው ቤት ሳነሳ እንዲያ አይደል የማደርገው? አልጋ ስር ከተትኩት።

"በሩ ጋ ቁምልኝ፣ አንተም ግባበት" አልኩት።

"አይ፣ ሰው የሌለበት ይሁን።"

ለማስታወሻ የሚሆን ፎቶ... ሰው የሌለበት? ይሁን። እሱ ያውቃል።

የእማዬን መኝታ ቤት ከጥግ ሆኜ ሳነሳው እኔ ራሴ አላወቅኩትም። የሀብታም ቤት መሰለ። እማዬ ስታየው የምትለውን እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ጥር 17

"መቼ ነው የምናሳትመው?" አልኩት።

"ምን አስቸኮለሽ" አለ፣ ስልኩን እያየ።

ጥር 23



ያነሳሁትን ላስረክብ ደላላው ቢሮ ሄድኩ። ቢሮ ይበለው እንጂ በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መሀል ያለች አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ናት። ባልና ሚስት ተቀምጠው በስልኩ ቤት ያሳያቸዋል። ቆሜ ጠበቅኩ።

"የዚህኛው መጋረጃው ያምራል" አለች ሴትዮዋ።

አንገቴን አስግጌ አየሁ። የኛ መጋረጃ ነው። እማዬ የሰፋችው። ጨርቅ አጥሯት ከታች በሌላ ቀለም የቀጠለችው።

"ሰፊ ነው፣ ብርሃን እንደ ልብ ነው!" ይላል ደላላው። "ባለቤቶቹ ለመሸጥ ቸኩለዋል።"

ባለቤቶቹ...

ሰዎቹ ሲወጡ "ይሄ የኛ ቤት ነው" አልኩት። ድምፄ መውጣቱንም እንጃ።

"አዎ! ወንድምሽ አይደል ያመጣልኝ? ምነው፣ ያነሳሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

እኔ ነኝ።

ጥር 24

ጠዋት ወንድም ጋሼ የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር ፊቱ ቆምኩ። ምን ልል እንደሆነ ገባው።

"ልነግርሽ ነበር እኮ።"

"እማዬ ሳታውቅ?"

"እማዬማ ታውቃለች! ቤቱ በስሟ አይደል? እሷ ካልፈቀደች ማን ይሸጠዋል? ውክልናውን እዚያው ፈርማ ላከችልኝ።"

ሚኒባስ እገዛለሁ አለ። ለጊዜው እንከራያለን፣ በኋላ የተሻለ ቤት... ሌላም ብዙ አለ። አልሰማሁትም።

እማዬ ፈርማለች። ታዲያ "ቤቱን ጠርገሻል?" የምትለኝ ምን ልትል ነው? ለገዢ ነው ስጠርግ የከረምኩት? እኔስ ልጇ አይደለሁም? የወንድም ጋሼ ሲገርመኝ የእማዬ ባሰ።

ጥር 27

እማዬ ደወለች። አላነሳሁም።

ጥር 28

ደወለች። ስልኩን ትራስ ስር ከተትኩት።

የካቲት 5

እማዬ መጣች። ሻንጣዋን በር ላይ ተቀበልኳት፣ አልሳምኳትም። እሷም አልሳመችኝም። እንደ ባዕድ ተያየን። ሳሎኑ መሀል ቆማ ዙሪያውን ቃኘች።

"የአባትሽ ፎቶስ?"

"አልጋ ስር።"

ወደኔ ዞረች።

"ስልኬን ማንሳት እንኳ ከበደሽ?"

"አንቺስ? ቤቱን ስትሸጪ ለኔ መንገር ከበደሽ?"

እንዲህ መልሼላት አላውቅም። ከኔ አፍ መውጣቱን ተጠራጠርኩ።

"እኔ?" አለች። "አንቺ አይደለሽ ይሄ ቤት ሰለቸኝ፣ እንውጣ ያልሽው? ወንድምሽ ሲነግረኝ መጀመሪያ አላመንኩትም። እሷ እንዲህ አትልም አልኩት። ከዚያ ፎቶዎቹን ላከልኝ። ለገዢ እንዲያምር ብላ ራሷ ናት ስትለፋ የዋለችው አለኝ። አየኋቸው። እንዲያ አምሮ... በደስታ እንዳነሳሽው ያስታውቃል። ልጄ መውጣት ከፈለገች እኔ ግድግዳ ታቅፌ ልኑር? ብዬ ፈረምኩ። ያኔም አንቺው እስክትነግሪኝ ብዬ ጠበቅኩ፣ ምንም አላልሽም። ጭራሽ ስልክ ተውሽ።"

በደስታ ነው ያነሳሁት። እውነቷን ነው። ደስታው ለሷ ነበር እንጂ።

ይህን ስነግራት ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። አልጋ ስር ገብቼ የአባዬን ፎቶ አወጣሁላት። በአንድ እጇ አቧራውን ጠረገችው። ሌላኛው እጇ እጄን ይዞ ነበር።

የካቲት 6

ወንድም ጋሼ ሲገባ ሁለታችንን ጎን ለጎን ተቀምጠን አገኘን። እማዬ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

"ለሷ እናትሽ ፈቅዳለች አልካት። ለኔ ልጅሽ ፈልጋለች አልከኝ። ማን ቀረ? አንተ።"

"ብጠይቃችሁ እሺ ትሉኝ ነበር?"

"አንልህም።"

"እኮ!" አለ። ያሸነፈ መሰለው። ከዚያ የእማዬን ፊት አይቶ ወደኔ ዞረ። "አይጢት፣ አንቺ እንኳ ንገሪያት። ለሁላችንም ብዬ ነው።"

"አይጢት አትበለኝ።"

ገዢዎቹ ከፍለዋል፣ ተፈራርመዋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ውሰደው፣ ያንተ ነው አልኩት። ሳይነካው ወጣ።

የካቲት 24

ዕቃ አወጣን። ገዢዋ ሴትዮ መጥታ ሳሎኑ መሀል ቆመች። ቀድሞ መጥቶ ቤቱን ያየው ባሏ ብቻ ነበር። ቁም ሳጥኑ ስለወጣ እርጥበቱ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

"ፎቶው ላይ እንዲህ አልነበረም። ደግሞ ሰፊ መስሎኝ ነበር" አለች ለባሏ። ወዲያው ሳቀች። "ያነሳው ሰው ግን ጎበዝ ነው።"

የአባዬን ፎቶ ታቅፌ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አላወቀችኝም።

መጋቢት 13

አዲሱ ቤት አንድ ክፍል ነው። እኔና እማዬ። ወንድም ጋሼ ለብቻው ተከራይቷል። አንዳንዴ ሚኒባሱን ደጅ አቁሞ ክላክስ ያደርጋል። እማዬ ትወጣለች። እኔ እስካሁን አልወጣሁም።

ጠዋት ደላላው ደወለ።

"ፎቶ አንሺዋ! የት ጠፋሽ? ለነገ ጥሩ ቤት አለኝ፣ የሚሸጥ።"

"ማን ማን ይኖርበታል?"

"ምን?"

"ቤቱ ውስጥ።"

"ልጁና ሚስቱ... አንዲት እናቱም አሉ።"

"እናቱ መሸጡን ያውቃሉ?"

"ካንቺ አፍ ይሄን ያህል ቃል ሰምቼ አላውቅም" ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም።

"ይጠይቋቸውና ይደውሉልኝ" አልኩት። እስካሁን አልደወለም።

ከሰዓት በኋላ ካሜራውን አወጣሁ። ጥግ አልሄድኩም። መሀል ቆሜ ያለውን አነሳሁ... ጀሪካኑን፣ የተደራረቡትን ሻንጣዎች፣ የቀጠለችውን መጋረጃ። ከዚያ እማዬን።

"ቀና በይ" አልኳት። ቀና አለች።

ከጀርባዋ የአባዬ ፎቶ ተሰቅሏል። የመስኮቱ ብርሃን መስታወቱ ላይ አርፎ ግማሽ ፊቱን ሸፍኖታል።

እማዬ ዞር ብላ አየችው። "ላውርደው እንዴ?"

"ተይው" አልኳት። "ያንጸባርቅ።"