ከተማው ባልዲ ያላነሣበት ቀን

ውድ መቀስ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደኅና ነኝ። እንዲያውም ደኅና ከመሆን አልፌ ደረቴ ተነፍቶ በር አልበቃው ብሏል። «ጉረኛው» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ዛሬ ግን የምጎርርበት ነገር አግኝቻለሁና ታገሺኝ። መጀመሪያ ልደውልልሽ ነበር። ግን አውቅሻለሁ፣ ገና አፌን ስከፍት «አሳጥረው!» ትይኛለሽ። የሁላችንንም ጽሑፍ እየቆራረጥሽ ነው መቀስ የተባልሽው። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ ማቋረጥ አትችይም።

ያን የባልዲ ቀን መቼም አትረሺውም። ለውሃ አገልግሎቱ የሠራናቸው ኤጀንቶች፣ እነዚያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ደመወዝ የማይጠይቁ ሠራተኞቻችን፣ ገና ዳዴ ይሉ ነበር። አንደኛው፣ ኋላ እንደደረስንበት፣ የደንበኛ ቅሬታ እንዲመልስ ብቻ ነበር የተቀመጠው። እሱ ሆዬ ለሙከራ የጻፍነውን ትእዛዝ ከማናችን ፋይል እንደሆነ ሳይታወቅ አንሥቶ «ከአሁን ጀምሮ ውሃ ይቋረጣል» ብሎ ለመላው ከተማ መልእክት ላከ። ውሃው እኮ አልተቋረጠም! ሰዉ ግን ባልዲና ጀሪካኑን ይዞ ቧንቧውን ባንድ ጊዜ ሲከፍት ማጠራቀሚያው ተራቆተና ውሃው የእውነት ተቋረጠ። እናቴ ዕቃ ሲያልቅባት የአበባ ማስቀመጫውንም፣ የሟቹን አባቴን ትልቅ ብርጭቆም ሞልታ መተላለፊያው ላይ ደርድራው ነበር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ያ ውሸታም ማሽንህ ደኅና ነው?» ትለኝ ነበር።

ከዚያ የመጣውን ስብሰባ ሳስበው አሁንም ያመኛል። ሥራ አስኪያጃችን ጠረጴዛውን እየደበደቡ «ማነው የላከው? የትኛውን ትእዛዝ አንብቦ?» አሉ። ምን ብለን እንመልስ? እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቅጂ ይዘን ነበር የምንሠራው። አንዱ ፋይል «የመጨረሻው» ይላል፣ ሌላው «የመጨረሻው ዋናው»፣ ካፖርቱን ከላዩ የማያወልቀው የባልደረባችን የባለካፖርቱ ደግሞ «ይሄን እንዳትነኩ»። መልእክት መላኪያው ለሁሉም ኤጀንት ክፍት ነበር፤ ቤቱን ከፍቶ የተኛ ሰው ሌባውን በምን ያውቀዋል?

አንቺ ይህን ስትናገሪ ነበር የከረምሽው። ትእዛዞቹ አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ እያንዳንዱ ኤጀንት ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ ብቻ ይያዝ፤ ለብዙ ሰው የሚሄድ መልእክት ደግሞ ሁለት ሰው ሳያጸድቀው አይውጣ አልሽ። ሥራ አስኪያጁ «ለአንድ ቴክስት ሁለት ሰው? ቼክ ነው እንዴ የምንፈርመው?» ብለው ሳቁ። የሳቁትን ረስተው ሲቆጡ ግን ተነሥተሽ «የቡድኑ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ማን እንደላከው አለማወቃችን የኔ ጥፋት ነው» አልሽ። ከዚያ ሥራሽን ለቀሽ፣ ሲኒሽንና ያቺን የምትጠወልግ ተክልሽን አቅፈሽ ወጣሽ። በሩ ላይ «ወንበርሽ ላይ ማንም አይቀመጥም» ስልሽ «አሳጥረው» ብለሽኝ ሄድሽ። ዐይንሽ ግን እንባ ሞልቶት ነበር፣ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ አለቃችን ጠርተውኝ «ክረምቱ ሳይገባ ሥርዓት ካላስያዛችሁት እነዚህን ኤጀንቶች ነቅዬ ነው የምጥላቸው» አሉኝ።

«ሥርዓት ከያዙስ ጋሼ፣ መቀስ ትመለሳለች?»

«መጀመሪያ አሳየኝ!»

ለኔ ጉዳዩ ያኔውኑ የኤጀንት መሆኑ ቀረ።

ስትፈልጊው የነበረውን ዓይነት የመሣሪያ ሣጥን አገኘሁ። ፕሮግራመሮች የኤጀንት ትእዛዝና መሣሪያ ባንድ ቦታ የሚያስተዳድሩበት ሶፍትዌር ነው። መጫኑ ግን እንደ ሽምግልና ነበር። አንዱን ክፍል ስጭን ሌላው ያኮርፋል፤ ያኮረፈውን ሳባብል የመጀመሪያው «አላውቅህም» ይለኛል። የመመሪያውን መግቢያ ዘልዬ ስለጀመርኩ ደግሞ ሁሉንም ነቅዬ እንደገና መጀመር ግድ ሆነብኝ። ምን እንደምትይኝ አውቃለሁ፣ አትልፊ።

ከመጫኑ የባሰው ትእዛዝ መሰብሰቡ ነበር። ባለካፖርቱ የራሱን ሊሰጠኝ አሻፈረኝ አለ። ያችን ካፖርት እላዩ ላይ ጠቅልሎ፣ ስክሪኑን በትከሻው ከልሎ፣ «የኔ ይሠራል፣ ለምን ይነካል?» አለኝ።

«ይሠራል ብለህ ነው ከተማውን ባልዲ ያሸከምከው?»

«የኔ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«የኔ አለመሆኑንስ በምን አወቅህ?» አልኩት። ለካ ሁለታችንም የምናውቀው ነገር የለም። ተያይተን ስንስቅ ፋይሉን ከፈተልኝ። መቀስ ሙች፣ ብታይው ትታመሚ ነበር! ኤጀንቱን «እባክህ ወንድሜ፣ በእናትህ፣ አደራ እንዳትሳሳት» እያለ ይለማመጠዋል። አንቺን ሆኜ ቆረጥኩት። ልመናው ሁሉ ወጥቶ አጭርና ግልጽ ትእዛዝ ቀረ። ኤጀንቱም ከበፊቱ ተሻለ፤ ባለካፖርቱ ግን ልመናው በመቅረቱ እስካሁን ቅር ይለዋል።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ያንን የተረገመ የሙከራ ትእዛዝ ሆን ብዬ ለቅሬታ መላሹ ሰጠሁት። እሱም እንደ ልማዱ መልእክት መላኪያውን ሊያነሣ እጁን ሰደደ። ስክሪኑ ላይ «ይህ መሣሪያ ለዚህ ኤጀንት አልተፈቀደም» የሚል ወጣ። እንዴት እንደጮህኩ አልነግርሽም። ባለካፖርቱ ሻዩን ካፖርቱ ላይ ደፋው፤ በዚህ ሰበብ ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቀው።

ሙከራ ግን ሙከራ ነው። እውነተኛው ቀን ባለፈው ሳምንት መጣ። ጠዋት ገና ከመግባታችን የታችኛው ሰፈር ዋና ቧንቧ ፈነዳ። ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ አለቃችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን እየፈለጉ መጡ። በዚህ መሃል ቅሬታ መላሹ፣ የደንበኛው ጩኸት ሲበዛበት ይመስለኛል፣ ለመላው ከተማ ልናገር ብሎ ተነሣ። ሣጥኑ ከለከለው።

«ማነው? የትኛውን ትእዛዝ አንብቦ?» አሉ አለቃችን። ያኔ በስብሰባው የጠየቁትን ነው የደገሙት!

«ቅሬታ መላሹ ነው ጋሼ። ያነበበው ማክሰኞ ያሻሻልነውን ትእዛዝ ነው፣ ይኸው መስመሩ። ሰው ሲጨነቅ 'በሚቻለው ሁሉ እርዳ' ይላል፤ እሱን አሁን አስተካክለዋለሁ። ምንም አልተላከም።» ባንድ ትንፋሽ ነው የመለስኩት። ምነው እዚያ በነበርሽና በሰማሽኝ!

ብልሽት የሚከታተለው ኤጀንት በበኩሉ ውሃው ለጥገና ሊዘጋ መሆኑን ለታችኛው ሰፈር ብቻ የሚነግር መልእክት አዘጋጅቶ ሁለት ሰው እንዲያጸድቀው ይጠብቃል። እኔ አጸደቅኩ። ሁለተኛው ሰው አለቃችን ሆኑ። አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት፣ «ይሄ 'የተከበራችሁ ደንበኞቻችን ሆይ' የሚለው ይውጣ፣ ሰው ቸኩሏል» አሉና ተጫኑት። እሳቸውም ቆራጭ ሆኑልሽ።

የታችኛው ሰፈር ሰው ባልዲውን ሞላ፤ የቀረው ከተማ ልብሱን ሲያጥብ ዋለ። ማጠራቀሚያው አልተነካም፣ ጠጋኞቹም ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርሰው ወጡ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች፤ የሷ ቤት ላይኛው ሰፈር ነው።

«እህቴ ጋ መልእክት ደርሶ እኔ ጋ ምነው ሳይደርስ? ተረሳሁ?»

«ያንቺ ውሃ አይቋረጥማ፣ እማዬ!»

«እንዲህ ከሆነስ ይሁን፣ ጎበዝ ማሽን ነው» አለች። መቀስዬ፣ እናቴ ማሽናችንን አመሰገነች! ከዚህ በላይ ምን ሽልማት አለ? መጸዳጃ ቤት ገብቼ ብቻዬን ጨፈርኩ።

አመሻሹ ላይ አለቃችን ወንበርሽ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። አልተቀመጡበትም፣ መደገፊያውን ብቻ ይዘዋል።

«ይሄ የሁለት ሰው ነገር የማን ሐሳብ ነበር?»

«ያውቁታል ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ደውልላት።»

«አልደውልም፣ እጽፍላታለሁ። እርስዎም ያነቡታል።»

በአዲሱ ደንባችን፣ ማለቴ በአንቺው ደንብ፣ ከባድ መልእክት በአንድ ሰው አይወጣም። ይህን ደብዳቤ እኔ አጽድቄዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ጽሑፍ አይደለም።

ወንበርሽን በየቀኑ የሚወለውለው፣
ጉረኛው ጓደኛሽ

አንብቤዋለሁ። ስለ መነጽሬ የተጻፈው ውሸት ነው። የቀረው ሁሉ እውነት ነው። ያን ቀን መነሣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ተክልሽን ይዘሽ ነይ።
ጸድቋል።
ሥራ አስኪያጁ