ከአንጋጫ አፈር የወጣ ፊት

ውድ ከበቡሽ፣

ከካርዱ ፊት ያሉት አከራዬ ወይዘሮ ገነቴ ናቸው። ያተምኳቸው በገዛ እጄ፣ እዚሁ አንጋጫ፣ የቤታቸውን ግድግዳ በሚቀቡበት ቀይ አፈር ነው። ፒያሳ ጨለማ ክፍል ውስጥ የምንታፈንበትን ሥራ እዚህ በእንሰት ጥላ ሥር ጀምሬ ፀሐይ ላይ ጨረስኩት። አፈሩን ነፍቼ ከሙጫና ብርሃን ሲነካው ሙጫውን ከሚያደርቅ የፎቶ ጨው ጋር ለወስኩና ወረቀቱን ቀባሁ፤ የፊታቸውን ኔጋቲቭ ደርቤም ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ውሃ ውስጥ ስነክረው ወይዘሮ ገነቴ፣ «አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ጭቃ ይታጠባል?» ብለው ሳቁብኝ። ፀሐይ ያላገኘው ቀለም ቀስ እያለ ሲለቅ ግን ጎንበስ አሉ። «ውይ፣ እኔ ነኝ! አፍንጫዬን ምነው አሰፋሽው?»

ያ የፒያሳው ባለ ስቱዲዮ ጌታዬ የእኔን ሥራዎች በራሱ ማኅተም ሲሸጥ ከርሞ፣ ስጠይቀው «ያለ እኔ ስቱዲዮ አንድ ፊት አታወጪም» ብሎ እንዳባረረኝ ታውቂያለሽ። ይህንን ካርድ ወስደሽ አሳዪው። ቀለሙ እርጥብ ሳለ ስሜን በወይዘሮ ገነቴ አንገት ጥላ ላይ በእሾህ ጽፌበታለሁ፤ ስሜን ልፋቅ ቢል አንገታቸውን አብሮ ያጠፋል። አይቶ ሲጨርስ ካርዱን ተቀብለሽው ውጪ።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እዚህ ለፊርማ ቦታ አልተረፈኝም፤ ከፊት በኩል አለልሽ።