መብራቷ ስለ ተነቀለላት የቅሬያችን መኪና

ይድረስ ለክቡር የተሽከርካሪ ጥገና ማዕከል ኃላፊ፣

የእርስዎንና የልጆችዎን ጤና፣ የቢሮዎንም ሰላም ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ እጀምራለሁ። የቅሬያችን መኪና ግን እርስዎ ደጋግመው ካዳኗት ወዲህ ዳገት አልወጣም ብላለች።

እንደሚያውቁት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለው ቅሬያችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሬሳ የሚቀብርበትና ሕመምተኛ የሚያደርስበት ማኅበር ነው። ይህች የቤንዚን ፒክአፕ ስትሰጠን፣ ከማዕከልዎ በቀር ማንም ሞተሯን እንዳይነካ በደብዳቤ ታዘናል፤ ትእዛዝም እናከብራለን። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በጥቅምት የሞተር መብራት በርቶ ጉልበቷ ሲከዳት፣ ባለሙያዎ ካሊድ በኮምፒውተር አንብቦ «ኖክ ሴንሰሩ ነው» አለን። ይህ ዕቃ ሞተሩ ሲያንኳኳ የሚያዳምጥ ትንሽ ጆሮ ነው፤ ጆሮው ካልሰማ የመኪናዋ ኮምፒውተር ፈርቶ ጉልበት ይቀንሳል። ካሊድ ሽቦውን ለማየት እንኳ ጊዜ ሳያባክን በዚያው ሰዓት አዲስ ስለ ቀየረልን ፍጥነቱን እናደንቃለን።

፪. መብራቱ በሳምንቱ ተመልሶ ሲበራ፣ ሁለተኛ ቀየረልን። በልክ መጥበቅ ያለበትን ብሎን በመፍቻው ላይ የውኃ ቧንቧ ቀጥሎ እስኪያልበው አጠበቀው። እንዲህ የታነቀ ጆሮ ምን እንደሚሰማ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር አልደረስኩበትም።

፫. ከዚያ በኋላ ከሞተሯ ምንም ሳልፈታ የሴንሰሩን ሽቦ በኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ለክቼ፣ አይጥ የበላችበትን ቦታ በሥዕል አያይዤ ጻፍኩልዎ። ቢሮዎ «ለመረጃ ይያዝ» ብሎ በክብር ፋይል ውስጥ አስቀመጠው።

፬. በጥር ስንመለስ ካሊድ የማስጠንቀቂያውን አምፖል ነቅሎ፣ «ይኸው ጠፋ አይደል፣ መምህር? ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ። የምፈልገውን ላስረዳ።

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ጎረቤታችንን ሀኒያን ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ ልናደርሳት ጫንናት። መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ጉልበት አጥታ ቆመች። ሾፌራችን ባድሩ «መብራት እኮ አልበራም!» እያለ ይምል ነበር። የቅሬው ሰዎች የሬሳ ቃሬዛ አምጥተው ተሸከሟት፤ እርሷም ከላይ ሆና «ቀስ በሉ እንጂ፣ ገና አልሞትኩም!» ትላቸው ነበር። ሌላ መኪና የሚገኝበት አስፋልት ጋ ሳይደርሱ ወለደች። እናትም ልጅም በፈጣሪ ቸርነት ተርፈዋል፤ በማዕከልዎ ቸርነት ግን አይደለም።

በመንደራችን ወራቸው የገባ ሁለት ሴቶች አሉ። የምለምንዎ አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦና በልክ የጠበቀ አንድ ብሎን ነው።

ከማዕከልዎ በር ላይ ትዕግሥትን እንደ ገና የተማርኩ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣
ጌዴዎን፣ ጡረተኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎም የመንደራችን ልጅ፣ የቅሬያችን አባል ስለ ሆኑ፣ ለሚቀጥለው ሸክም የቃሬዛው የፊት ግራ እጀታ በስምዎ ተይዟል። ጥሪው የሚመጣው በጩኸት ነው፤ አምፖል የለውም፣ አይነቀልም።