ሥርጉት ቻይና ልታስተምር ነው

ጋሼ ሽታሁን፣ ሥርጉት ልጄ ቻይና እንግሊዝኛ ልታስተምር ተቀጠረች! ደስታው ሰላምታ አስረሳኝ፤ ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? ሞጣስ እንዴት ነው? እኛ ቢቸና ሁላችንም ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እዚያ ትምህርት ቤት አስተምረናል የሚሉ አሥራ አንድ ሰዎች በኢንተርኔት የጻፉትን ምስጋና ፕሪንት አስደርጋ አነበበችልኝ። «አንድስ የነቀፈ የለም?» ብላት፣ «እማዬ ደግሞ! ጥሩ ስለሆነ ነዋ» አለችኝ። ለጋብቻ ስንጠያየቅ እንኳ «ቁጡ ነው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም ነበር። አሥራ አንዱም የጻፉት በአንድ ቀን ነው። ትጉዎች ናቸው መቼም።

ቀጣሪዎቹ ፓስፖርትሽን በፖስታ ላኪልን ብለዋታል። እኔም «የት እንዳስቀመጥሁት ጠፋኝ» እያልኋት ሳምንት ሆነ።

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ነዎትና የምስጋናውን ወረቀት አብሬ ልኬልዎታለሁ፤ የስንት ሰው አነጋገር እንደሆነ ይዩልኝ። ለእትዬ ወይንእሸት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ጤናውን አብዝቶ ይስጣችሁ።

እህትዎ ፋንታነሽ

ድግሱ ሰኔ ሚካኤል ነው፤ ከዘመድ አንድም ሰው እንዳይቀር። እርስዎ ግን ቀደም ብለው ሰኔ ዘጠኝ ይድረሱልኝ።