ለብሩኬ የላክሁት ማር

ልጄ ናዝራዊት፣ የቀራንዮው መድኃኔዓለም አንቺንም ልጅሽንም በጥላው ያኑርልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የጉልበቴን ነገር ተይው።

ብደውል አላነሳሽም፤ ስለዚህ ጎረቤታችን ሰብሪያ በስልኳ ትጻፍልሽ ብዬ ነው። በፍቅረማርያም እጅ የላክሁትን ማር ለብሩኬ ሳል አቅምሺው ብዬሽ ነበር። እንዳታቀምሺው! ሰብሪያ ነርስ አይደለች? «አባባ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አደገኛ ነው» አለችኝ። «ናዝራዊትን ያሳደግኋት በማር ነው!» ብዬ ጮህኩባት። «እሷን ያሳደጋት ዕድሏ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ቀምሶ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪም ንገሪ። ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቢው። አፍንጫው ሲዘጋ ከፋርማሲ የሚገዛውን የጨው ውሃ ጠብ አድርጊለት። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ጡት እምቢ ካለ ወደ ሐኪም ሩጪ፤ እኔን አትጠይቂ።

አባትሽ መሸሻ ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ብሏል፤ ሰብሪያ ምስክሬ ናት።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የሚያስል እኔ ብቻ ነኝ። ብሩኬ ሲሻለው ስልኩን አፉ አጠገብ አድርጊልኝ፤ ሲተነፍስ ልስማው። ዕድሜውን እንደ እኔ ያርዝምለት፣ ብቸኝነቴን ግን አያውርሰው።

አባትሽ መሸሻ